የሆስፒታል ፍሳሽ የሕክምናው አካል ነው

«ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ አበው። አባባሉ ወንዝ ሲሻገር ቀስ በቀስ ወደ ጥልቁ ለሚገባ መንገደኛ የተነገረ ይሁን እንጂ፣ ዛሬ በከተሞቻችን ቱቦዎችና ወንዞች ውስጥ ለሚጓዝ አንድ አደጋም በሚገባ ይስማማል። ይህ አደጋ ከተራው ቆሻሻ የሚለይበት ሽታም ሆነ ቀለም የለውም። እርሱም በሆስፒታል ውስጥ ከአንቲባዮቲክ መድኃኒቶች ጋር ተፋልመው የተረፉ ባክቴሪያዎች ከፍሳሽ ጋር ወጥተው ወደ ወንዝ፣ ከወንዝም ወደ አትክልት ማሳና ወደ ገበታ የሚያደርጉት ጉዞ ነው።

በአገራችን ባክቴሪያዎች መድኃኒትን ስለ መላመዳቸው ሲነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በበሽተኛው ላይ ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ገዛ፤ ትንሽ ሲሻለው ጀምሮ ተወው፤ ከጎረቤቱ ተበድሮ ዋጠ ይባላል። ወቀሳው ከእውነት የራቀ አይደለም። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባሰማው ንግግር፣ መድኃኒቱ በቂ ባልሆነ መጠን ከተወሰደ ባክቴሪያዎች ሊቋቋሙት እንደሚችሉ አስጠንቅቆ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ መድኃኒቱን የተላመደው ባክቴሪያ ከተፈጠረ በኋላ የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ አንድ ሆስፒታል ሕክምናውን ፈጸመ ሊባል የሚገባው በሽተኛው ድኖ ከበሩ ሲወጣ ብቻ ሳይሆን፣ ከበሽተኛው የወጣው ፍሳሽም ሌላውን ሰው ከማይጎዳበት ደረጃ ሲደርስ ነው።

ከዘነበወርቅ የተገኘ ትምህርት

መድኃኒትን የተላመደ ባክቴሪያ ለአገራችን አዲስ እንግዳ አይደለም። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በተለምዶ ዘነበወርቅ እየተባለ በሚጠራው አካባቢ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ስሙ ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር ተያይዞ የኖረ ተቋም ነው። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተ ሲሆን፣ በአጠገቡ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሟል። ኢንስቲትዩቱ የተሰየመው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ስም ነው።

በዚያ ዘመን የሥጋ ደዌ ዋነኛ መድኃኒት ዳፕሶን የተባለ እንክብል ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ለታካሚው የሚሰጠው ብቻውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በማሌዥያ ባክቴሪያው ዳፕሶንን መላመዱ በምርምር ተረጋገጠ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ደግሞ በአዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ችግሩ በኢትዮጵያም መኖሩን ለዓለም አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ ይበልጥ አሳሳቢ የሆነ ነገር ገለጹ፤ ይኸውም አንዳንድ ታካሚዎች ገና ሕክምና ሳይጀምሩ በሽታቸው ዳፕሶንን የተላመደ ሆኖ መገኘቱ ነው። እነዚህ ሰዎች እንክብል አላቋረጡም፤ ያለ ማዘዣም አልገዙም። አስቀድሞ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ከሌላ ሰው ተላለፈባቸው እንጂ።

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ስለማይበቅል፣ መድኃኒት መላመዱን ለማወቅ በአይጥ መዳፍ ውስጥ አሳድጎ ወራት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ያም ሆኖ ተመራማሪዎቹ ሥራው አድካሚ ነው ብለው አልተዉትም። ከእነርሱና በሌሎች አገሮች ከተሠሩ ጥናቶች በመነሣት የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሰባሰበው የባለሙያዎች ቡድን አማካይነት ሥጋ ደዌ በአንድ መድኃኒት ሳይሆን በጥምር መድኃኒቶች እንዲታከም መከረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ችግሩ የታወቀው የሚመረምር ሰው ስለነበረ ነው። ሁለተኛ፣ መፍትሔው የተገኘው በሽተኛውን በመውቀስ ሳይሆን የሕክምናውን ሥርዓት በመለወጥ ነው። ዛሬ ከፍሳሽ ጋር የሚወጡት ባክቴሪያዎች ግን ከሥጋ ደዌው በአንድ ትልቅ ነገር ይለያሉ፤ እርሱንም ቀጥለን እንመልከት።

መላመድ እንደ ዕቃ ሲዋዋሱት

ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ በተመቻቸ የቤተ ሙከራ ሁኔታ በ20 ደቂቃ ውስጥ ራሱን ከሁለት ይከፍላል። በዚህ ስሌት አንድ ባክቴሪያ ምግብና ቦታ ካላጠረው በ10 ሰዓት ውስጥ ከ1 ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ መካከል በዘረመሉ ላይ በደረሰ የአጋጣሚ ለውጥ መድኃኒት የማይገድለው አንድ ቢገኝ፣ መድኃኒቱ ሌሎቹን ጠርጎ ሜዳውን ለእርሱ ይለቅለታል። ስለዚህ «መላመድ» ስንል ባክቴሪያው እንደ ሰው ቀስ በቀስ ለመደ ማለታችን ሳይሆን፣ የሚቋቋሙት ተመርጠው ቀሩ ማለታችን ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጃፓን የተቅማጥ በሽታን ያጠኑ ሳይንቲስቶች ግን ያልተጠበቀ ነገር አጋጠማቸው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትለው ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ በርካታ መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። ይህንንም ችሎታ ለኢ. ኮላይ ማስተላለፍና ከእርሱም መቀበል እንደሚችል ታወቀ። የዚህ ምሥጢር ፕላዝሚድ ይባላል። ፕላዝሚድ ከባክቴሪያው ዋና ዲ.ኤን.ኤ. ተለይቶ የሚኖር አነስተኛ የዲ.ኤን.ኤ. ቀለበት ሲሆን፣ ሁለት ባክቴሪያዎች ሲገናኙ ቅጂው ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ቅጂውን የሚቀበለው የአንድ ዝርያ ልጅ መሆን አያስፈልገውም። እንደ ጎረቤት ወንፊትና ሙቀጫ ይዋዋሱታል ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ያዋሰው ንብረቱ የማይጎድልበት መሆኑ ነው።

እንግዲህ እነዚህ ባክቴሪያዎች ለመገናኘት የሚመቻቸው የት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ከፍሳሽ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያዳግታል። በፍሳሽ ውስጥ ምግብ የሚሆን ብዙ ነገር አለ፤ ከልዩ ልዩ ሰዎች የወጡ ባክቴሪያዎች በአንድነት ይከማቻሉ፤ በቱቦው ግድግዳ ላይ በሚፈጠረው ዝልግልግ ሽፋን ውስጥም ተጣብቀው ይኖራሉ። በሆስፒታል ፍሳሽ ላይ ደግሞ የመድኃኒቱ ትራፊ ይጨመርበታል። ለምሳሌ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን መድኃኒት ስንውጥ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። «በውኃ ከቀጠነ ምን ጉዳት አለው?» የሚል ቢኖር፣ በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት መልስ ይሰጠዋል። በጥናቱ መሠረት ባክቴሪያን ለመግደል ከሚያስፈልገው መጠን በመቶዎች እጥፍ ያነሰ አንቲባዮቲክ እንኳ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች ከሌሎቹ በልጠው እንዲራቡ ሊያደርግ ይችላል።

ከመታጠቢያ ገንዳ እስከ ትንሹ አቃቂ

ሆስፒታል ውኃ የሚጠቀምባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። የመኝታ ክፍሎች መጸዳጃ ቤት፣ የቀዶ ጥገና ክፍል፣ የቤተ ሙከራ መታጠቢያ ገንዳ፣ የልብስ ንጽሕና ክፍል ሁሉም በየቀኑ ፍሳሽ ያወጣሉ። ይህ ፍሳሽ እንደየተቋሙ አሠራር በግቢው ውስጥ በተሠራ ማጣሪያ ያልፋል፣ ወይም በማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይቆያል፣ ወይም በቀጥታ ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር ይገናኛል። ጉድጓዱ ሲሞላ በፍሳሽ ማንሻ ተሽከርካሪ ይመጠጣል። በክረምት ወራት ደግሞ ዝናቡ ሲበረታ ጉድጓድ ይሞላል፣ መስመር ይዘጋል፣ የፈሰሰውም ወደ ቅርቡ ጅረት ይወርዳል።

የምዕራብ አዲስ አበባ ጅረቶች መዳረሻ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ነው። ትንሹ አቃቂ ከከተማይቱ ሰሜን ምዕራብ ከፍተኛ ቦታዎች ተነሥቶ ኮልፌ ቀራንዮን ጨምሮ ምዕራባዊ ክፍለ ከተሞችን አቋርጦ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከትልቁ አቃቂ ጋርም በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛል፤ ከዚያም ውኃው ወደ አዋሽ ይቀጥላል። በዚህ ወንዝ ዳርቻ በሚገኙ እንደ ላፍቶና መካኒሳ ባሉ ቦታዎች ለአሥርተ ዓመታት የወንዙ ውኃ ለመስኖ ሲውል፣ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣም ሲመረት ኖሯል። ጎመንና ቆስጣ በእሳት ስለሚበስሉ ባክቴሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከድስቱ አያልፉም። ሰላጣ ግን በጥሬው ይበላል። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በተከሰተ ጊዜ ጥሬ አትክልት በጥንቃቄ እንዲያዝ ሲነገር የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያ ጊዜ ወንዝ ከገበታ የራቀ አለመሆኑን ሁላችንም ተረድተን ነበር፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን ትምህርቱም አብሮ የተረሳ ይመስላል።

የከተማው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያስ? ቃሊቲ የሚገኘው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2018 በአዲስ መልክ ተሠርቶ ሥራ ሲጀምር በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ተደርጎ ነበር። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያሻል። አንደኛ፣ ጣቢያው ሊያጣራ የሚችለው የደረሰውን ፍሳሽ ብቻ ነው፤ በመንገድ ላይ ወደ ጅረት የገባው አይደርሰውም። ሁለተኛ፣ በዓለም ላይ ያሉ የተለመዱ ማጣሪያ ጣቢያዎች በዋነኛነት የተነደፉት በፍሳሹ ውስጥ ያለውን የሚበሰብስ ቆሻሻ ለመቀነስ ነው። የባክቴሪያዎችን ቁጥር በእጅጉ ቢቀንሱም ጨርሰው አያጠፉም፤ የተረፉት ከፊሎቹ ከዝቃጩ ጋር ይቀራሉ፣ ከፊሎቹም ከተጣራው ውኃ ጋር ይወጣሉ።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

ይህ ሁሉ ግምት ብቻ እንዳይመስል ማስረጃውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2014 የጎንደር ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሆስፒታልና ከሆስፒታል ውጭ ከሚገኙ ቦታዎች የተወሰደ ፍሳሽ መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። ካገኟቸው 113 የባክቴሪያ ናሙናዎች መካከል 69.9 በመቶ የሚሆኑት በርካታ መድኃኒቶችን የሚቋቋሙ ነበሩ። ሁለቱ ምንጮች ሲነጻጸሩ በሆስፒታል ፍሳሽ ውስጥ ድርሻው 81.5 በመቶ፣ ከሆስፒታል ውጭ 54.2 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ከሁሉም በላይ በብዛት የተገኘው ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ ጥናትም በፍሳሽ በተበከሉ የአዲስ አበባ ወንዞች ውስጥ የሚገኙ ባክቴሪያዎች ከፍተኛ የመድኃኒት መቋቋም ችሎታ እንዳላቸው አሳይቷል።

ክሌብሲየላን ለምን ለይተን ጠቀስነው? ኢትዮጵያን ጨምሮ በ7 የአፍሪካና የእስያ አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ በጨቅላ ሕፃናት ደም ውስጥ ገብቶ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ከሚያስከትሉት ባክቴሪያዎች ዋነኛው ይኸው የክሌብሲየላ ወገን መሆኑን ስላረጋገጠ ነው። በእርግጥ በጎንደር ፍሳሽ የተገኘው ባክቴሪያ በሌላ ቦታ ሕፃን አሳመመ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ቀጥተኛ መንገድ ለማረጋገጥ የባክቴሪያዎቹን ዘረመል ጎን ለጎን ማነጻጸር ያስፈልጋል። ሆኖም በፍሳሹ ውስጥ የበዛው ባክቴሪያና በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚፈራው ባክቴሪያ የአንድ ቤተሰብ አባላት ሲሆኑ፣ ጉዳዩን እንደ ተራ ቆሻሻ ማየት አይቻልም።

ከአገራችን ውጭም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። በጣም ጠንካራ የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች የሚሰብር ኤን.ዲ.ኤም.-1 የተባለ ኢንዛይም እ.ኤ.አ. በ2008 በሕንድ ታክሞ ወደ ስዊድን በተመለሰ አንድ በሽተኛ ላይ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ በታተመ ጥናት መሠረት፣ ተመራማሪዎች በኒው ዴሊ ከተማ ውስጥ ናሙና ሲሰበስቡ የዚህን ኢንዛይም ዘረመል በመንገድ ዳር ከተከማቹ 171 የቆሻሻ ውኃ ናሙናዎች በ51ዱ፣ ከ50 የቧንቧ ውኃ ናሙናዎች ደግሞ በ2ቱ ውስጥ አገኙት። በሆስፒታል የታወቀው ችግር ከሆስፒታል አጥር ውጭ፣ ለመጠጥ በሚቀዳ ውኃ ውስጥ ሳይቀር ይኖር ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የበርካታ አገሮችን መረጃ አነጻጽሮ የታተመ ጥናት ደግሞ ብዙዎችን ያስገረመ ውጤት አሳይቷል። በአንድ አገር ውስጥ መድኃኒትን የተላመዱ ባክቴሪያዎች መብዛት ይበልጥ የተያያዘው ሕዝቡ ከሚወስደው የአንቲባዮቲክ መጠን ጋር ሳይሆን፣ ከንጽሕና መሠረተ ልማትና ከአስተዳደር ጥራት ጋር ነበር። መድኃኒትን አላግባብ መውሰድ የተላመደውን ባክቴሪያ ይፈጥራል፤ የቆሸሸ ውኃ ግን ያሰራጨዋል። እኛ ግን እስከ ዛሬ የተናገርነው በአብዛኛው ስለ መፈጠሩ እንጂ ስለ መሰራጨቱ አልነበረም።

የችግሩን ክብደት በቁጥር ለማየት ለሚሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት እንደሚያመለክተው በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒትን በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ ሞተዋል፤ ባክቴሪያዎቹ አስተዋጽኦ ያደረጉባቸው ሞቶች ሲጨመሩ ደግሞ ቁጥሩ 4.95 ሚሊዮን ይደርሳል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ሆስፒታሎች ፍሳሻቸውን በበራቸው ላይ ያክሙ የሚለው ሐሳብ ሲቀርብ በርካታ ተቃውሞዎች ይነሣሉ። ሁሉም ተገቢ ምላሽ ሊሰጣቸው ይገባል።

የመጀመሪያው «የሆስፒታል ፍሳሽ ከከተማው ጠቅላላ ፍሳሽ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ አንቲባዮቲክ የሚወስደው አብዛኛው ሰውም የሚኖረው በቤቱ ነው» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ከመኖሪያ ቤቶች የሚወጣው ፍሳሽም መድኃኒትን የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ይሸከማል። ነገር ግን ሆስፒታል ውስጥ የሚሰበሰቡት በጠና የታመሙት፣ ሌላ መድኃኒት አልሠራ ብሏቸው የመጨረሻዎቹን ጠንካራ መድኃኒቶች የሚወስዱት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የሆስፒታሉ ፍሳሽ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ይዘቱ ከባድ ነው። ጥቂት መሆኑ ራሱ ደግሞ የመከራከሪያችን ድጋፍ ነው፤ አንድን ነገር ለማከም የሚቀለው ጥቂት ሳለና በአንድ ቱቦ ሳለ እንጂ ከወንዝ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ አይደለምና። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የገንዘብ ጥያቄ ነው። የመድኃኒትና የኦክስጅን ወጪ የሚያስጨንቀውን የሆስፒታል አስተዳዳሪ ለፍሳሽ ማጣሪያ በጀት መድብ ማለት ቀላል አይደለም። ሆኖም ማጣሪያ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ጠጣሩን በማዝቀጥ፣ ቀጥሎም ጠጠር በተሞላና እንደ ሸምበቆ ያሉ ተክሎች በበቀሉበት ሰው ሠራሽ ረግረግ ውስጥ ፍሳሹን ቀስ ብሎ እንዲያልፍ በማድረግ ባክቴሪያዎችን መቀነስ ይቻላል። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ይህን ዘዴ በሆስፒታል ፍሳሽ ላይ ሞክረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። ቦታ ለጠበባቸው ተቋማት ሌሎች ዘዴዎች አሉ። መጠንቀቅ የሚገባን «ክሎሪን ጨምረንበታል» በሚል ብቻ ከመርካት ነው። ክሎሪን ባልተጣራ ድፍርስ ፍሳሽ ላይ ሲጨመር ኃይሉ ባክቴሪያዎቹን ሳይደርስ በቆሻሻው ላይ ያልቃል። ስለሆነም ክሎሪን የመጨረሻው ደረጃ እንጂ ብቸኛው ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛው «ሕግ አለ እኮ!» የሚለው ነው። በእርግጥ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከሁለት አሥርተ ዓመታት በላይ ሆኖታል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በ2017 ዓ.ም. ወንዞችን የሚበክሉትን የሚቀጣ ደንብ አውጥቷል። የፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒቶችን መላመድ ለመከላከል የወጣው የአገሪቱ ሦስተኛ ስልታዊ ዕቅድም (እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025) የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና በአንድነት የሚመለከት ነበር። ነገር ግን ሕግ የሚሠራው ሊለካ በሚችል ነገር ላይ ነው። ወደ ወንዝ ቆሻሻ የደፋን ሰው ዓይን ያየዋል፤ መድኃኒት የተላመደን ባክቴሪያ ግን የሚያየው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው። ያልተለካ ነገር ደግሞ ተጠያቂ የለውም።

ምን ይደረግ?

በዚህ ጸሐፊ እምነት ቀዳሚው ሥራ መለካት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ያደረገው አንድ የክትትል መመሪያ ለእኛ ዓይነቱ አገር እጅግ የሚስማማ ነው። መመሪያው መቶ ዓይነት ባክቴሪያ ፈልጉ አይልም፤ አንድ ብቻ ምረጡ ይላል። እርሱም ብዙ አንቲባዮቲኮችን የሚሰብር ኢንዛይም ያለው የኢ. ኮላይ ዓይነት ነው። ይህ ባክቴሪያ በሰዎች፣ በምግብ ሰንሰለትና በአካባቢ ውኃ ውስጥ በተመሳሳይ ዘዴ ይቆጠራል፤ ውጤቱም በየዓመቱ ይነጻጸራል። ምርመራው መሠረታዊ የማይክሮባዮሎጂ ቤተ ሙከራና ለአንድ ሌሊት የሚያበቅል ማሞቂያ ሳጥን ከተገኘ ሊሠራ ይችላል። በ1970ዎቹ ለሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ወራት ጠብቆ መልስ የተገኘበት አገር፣ በአንድ ሌሊት የሚበቅለውን መቁጠር አያቅተውም።

ሁለተኛው ሥራ የመለኪያውን ቦታ በትክክል መምረጥ ነው። ኮልፌ ቀራንዮን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ትልልቅና ትንንሽ የጤና ተቋማት፣ የምርምር ኢንስቲትዩት፣ ጅረቶችና ወንዝ በአንድ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። ፍሳሹ ከጤና ተቋም ከመውጣቱ በፊት፣ ከወጣ በኋላ፣ ወንዙ ወደ ክፍለ ከተማው ሲገባና ሲወጣ በየሦስት ወሩ ናሙና ቢወሰድ፣ በዓመት ውስጥ በበጋና በክረምት ያለው ልዩነት ይታወቃል። የሆስፒታሉ ድርሻ ምን ያህል፣ የመኖሪያ ቤቶቹስ ምን ያህል የሚለው ክርክርም በግምት ሳይሆን በቁጥር ይፈታል። ይህን ማለት በአካባቢው በሚገኝ በማንኛውም ተቋም ላይ ጣት መቀሰር አይደለም። የሚለካ ተቋም የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያሳፍረው ነገር የለም።

ሦስተኛው የፍሳሽ ማጣሪያን ከሆስፒታሉ የሕክምና በጀት ጋር ማያያዝ ነው። አዲስ የመኝታ ክፍል ሲገነባ አልጋው፣ መብራቱና የኦክስጅን መስመሩ እንደሚታሰብ ሁሉ፣ ከዚያ ክፍል የሚወጣው ፍሳሽ የሚታከምበት ወጪም አብሮ ይታሰብ። ነባሮቹ ሆስፒታሎች ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማድረግ ካልቻሉ፣ ጽኑ ሕሙማንና ጨቅላ ሕፃናት ከሚታከሙባቸው ክፍሎች፣ እንዲሁም ባክቴሪያ ከሚበቅልባቸው ቤተ ሙከራዎች ይጀምሩ። በየተቋሙ የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ ውስጥም ከሐኪሙና ከነርሷ ጎን የቧንቧና የፍሳሽ መስመሩን የሚያውቀው ባለሙያ ወንበር ይኑረው። ይህ ሰው እስካሁን የሚጠራው ቱቦ ሲዘጋ ብቻ ከሆነ፣ የምናጣው እውቀት ብዙ ነው።

አራተኛው ድርሻ የእኛው የዩኒቨርሲቲዎቹ ነው። በየዓመቱ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጃሉ። አብዛኛው ሥራ ግን የአንድ ጊዜ ናሙና ሆኖ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። አንዱ ተማሪ በለካበት ቦታ ቀጣዩ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ዘዴ ቢለካ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ለከተማው ውሳኔ ሰጪዎች የሚጠቅም ተከታታይ መረጃ ይኖረናል። ውጤቱም ለውጭ መጽሔት ብቻ ሳይሆን ለክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለአትክልት አምራቾቹና ለነዋሪው በሚገባው ቋንቋ ሊቀርብ ይገባል። በሕዝብ ውኃ ላይ የተገኘ እውቀት የሕዝብ ነውና።

አንባቢስ ምን ያድርግ? አንቲባዮቲክን ያለ ሐኪም ማዘዣ አለመግዛት፣ የተረፈን መድኃኒት መጸዳጃ ቤት ውስጥ አለመጣል፣ በጥሬ የሚበላ አትክልትን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ከማንኛችንም የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን የቤት እመቤቷ ሰላጣዋን አጥባ አጥባ ወንዝ ልታጠራ አትችልም። በሽተኛውም ሙሉ መድኃኒቱን ቢጨርስ ከእርሱ የወጣውን ፍሳሽ ተከትሎ ሊሄድ አይችልም። ከግለሰብ በላይ የሆነውን ሸክም መሸከም ያለበት ሥርዓቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 ሳያጠፉ መድኃኒት የተላመደ በሽታ የተላለፈባቸው ታካሚዎች የነገሩን ይህንኑ ነበር። ነገ በአንድ ሆስፒታል የሚወለድ ሕፃንም አንድም እንክብል ሳይውጥ፣ ያሉት መድኃኒቶች የማይሠሩለት ሊሆን ይችላል። ለዚያ ሕፃን የሚደረገው ሕክምና የሚጀምረው ከመወለዱ በፊት ነው፤ ዛሬ ከሆስፒታሎቻችን ግቢ በሚወጣው ቱቦ ላይ።